ባርነትን የጻፈው ሸንጎ

ጁላይ 30 ቀን 1619 በቨርጂኒያዋ ጀምስታውን፣ ከእንጨት በተሠራች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 22 እንደራሴዎች ተሰበሰቡ። ቀኑም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሙቀቱ አያስቀምጥም ነበር። አንዱ እንደራሴ ስብሰባው ሳያልቅ ሞተ፤ አገረ ገዥው ጆርጅ ያርድሊም በስድስተኛው ቀን ጉባኤውን በተነ። አሜሪካውያን ይህችን አጭር ስብሰባ የዴሞክራሲያቸው መነሻ አድርገው ያከብሯታል። ጉባኤው ከተበተነ ወር ሳይሞላ፣ በኦገስት መጨረሻ፣ ኋይት ላየን የምትባል የእንግሊዝ መርከብ ከጀምስታውን ወደ ባሕሩ በኩል ባለው ፖይንት ኮምፎርት መልሕቋን ጣለች። የጫነችው ከሃያ ጥቂት የሚያልፉ አፍሪካውያንን ነበር። ሰዎቹ ከአንጎላ ተግዘው ወደ ሜክሲኮ ሲወሰዱ፣ ከተሳፈሩበት የፖርቱጋል መርከብ ላይ በባሕር ወንበዴዎች የተዘረፉ ናቸው። የቅኝ ግዛቲቱ ሹማምንት ለመርከቧ ስንቅ ሰጥተው እነሱን ተቀበሉ።

በ2019 የሁለቱም 400ኛ ዓመት ታሰበ። የሸንጎው በጀምስታውን በኩራት፣ የአፍሪካውያኑ በወረዱበት የባሕር ዳርቻ በሐዘን። አገሪቱ ሁለቱን ለየብቻ ማሰብ ለምዳለች፤ በአንድ ዓመት መግጠማቸውን የሚያነሣ ሰው ሲገኝም ነገሩን የታሪክ ምፀት ይለውና ያልፋል። ምፀት ግን አይደለም። በቨርጂኒያ ባርነትን አንቀጽ በአንቀጽ ሕግ ያደረገው ያው ሸንጎ ነው፤ ያን ማድረግ የቻለውም ለንደን ሳትጠይቀው ራሱን ያስተዳድር ስለነበረ ነው።

ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተንና በፌርፋክስ ልጆች የሚያሳድጉ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። ልጆቻቸው አራተኛ ክፍል ሲደርሱ የቨርጂኒያን ታሪክ ይማራሉ፤ ለጀምስታውን ጉብኝት የፈቃድ ወረቀት የሚያመጡም ሞልተዋል። ወላጅ ወረቀቱን ፈርሞ ይሰጣል። ልጁ የሚመለሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሦስት መርከቦችን ስምና የአንዲት ልዕልትን ተረት ይዞ ነው።

ሦስቱ መርከቦች ከለንደን የተነሡት በዲሴምበር 1606 ሲሆን፣ የላካቸው የቨርጂኒያ ኩባንያ የተባለ የነጋዴዎች ማኅበር ነበር። ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ ፈቃድ ሰጠ፤ ባለአክሲዮኖች ገንዘብ አዋጡ፤ ወርቅ፣ ወደ እስያ የሚያሻግር የውኃ መንገድ፣ እሱ ባይገኝ ደግሞ የሚሸጥ ማንኛውም ነገር እንዲገኝ ተስፋ ተደረገ። ለእምነታቸው ሲሉ ተሰደዱ የሚባሉት የሜይፍላወር መንገደኞች ፕሊመዝ የደረሱት ከዚያ 14 ዓመት ዘግይተው ነው። ይሁን እንጂ በኖቬምበር መጨረሻ የምስጋና ቀን ድግስ ሲደገስ የአገር መሥራች ተብለው የሚነሡት እነሱ ናቸው። ለልደት ታሪክ ከባለአክሲዮን ይልቅ ምእመን ይስማማል መሰለኝ።

በሜይ 1607 አንድ መቶ አራት ወንዶችና ልጆች በጀምስ ወንዝ ዳር ሰፈሩ። አንዲት ሴት አልነበረችም። ከመካከላቸው ሥራ የማያውቁ ባላባቶች ብዙ ነበሩ። ወታደሩ ጆን ስሚዝ በጉዞው ላይ አድማ አነሣሥተሃል ተብሎ ታስሮ ነው የመጣው፤ ኩባንያው አሽጎ የላከው ሣጥን ሲከፈት ግን ስሙ ከአስተዳዳሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ ተገኘ። የመረጡት ቦታ ለመርከብ ምቹ፣ ከስፔን መድፍ ለመከላከልም ደህና ነበር። ለኑሮ ግን አልተመቸም፤ ረግረግ ነው፣ የወንዙም ውኃ በበጋ ጨው ቀመስ ይሆናል። በ1998 ተመራማሪዎች የጥንታዊ ዛፎችን የዕድገት ቀለበት ቆጥረው እንዳረጋገጡት ከ1606 እስከ 1612 ያሉት ሰባት ዓመታት በ770 ዓመት ውስጥ ያልታየ ድርቅ የወረደባቸው ነበሩ። በመጀመሪያው ክረምት አጋማሽ፣ በጃንዋሪ 1608፣ በሕይወት የተገኙት 38 ብቻ ነበሩ።

አገሩ ባዶ አልነበረም። እንግሊዞች ፓውሃተን የሚሉት ዋሁንሱናኮክ ሠላሳ ያህል ነገዶችን ያስገብር ነበር፤ ሕዝቡም እስከ 15,000 ይገመታል። የሰፋሪዎቹን ነፍስ ያቆየው የእነዚህ ሰዎች በቆሎ ነው፣ አንዳንዴ በልውውጥ፣ አንዳንዴ በጠመንጃ ተነጥቆ። ፖካሆንታስ የስሚዝን አንገት ከሞት አዳነች የሚለውን ታሪክ ስሚዝ ሙሉ አድርጎ ያሳተመው በ1624 ነው። ያኔ እሷ ከሞተች ሰባት ዓመት አልፏት ነበር። ነገሩ ሆነ በተባለበት ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ ብትሆን ነው፤ የታሪክ ሊቃውንትም አብዛኞቹ ይጠራጠሩታል። የተረጋገጠው ሌላ ነው፦ በ1613 እንግሊዞች አፍነው ወሰዷት፣ ክርስትና ተነሣች፣ በ1614 ጆን ሮልፍ የሚባል ገበሬ አገባት፣ በ1617 ከለንደን ወደ አገሯ ልትመለስ መርከብ ተሳፍራ ሳለ ታማ እንግሊዝ ውስጥ ሞተች።

የ1609 ክረምት ከሁሉም የከፋው ነበር። ስንቅ የጫነችው ዋናዋ መርከብ በማዕበል ተመትታ ቤርሙዳ ላይ ቀረች፤ ፓውሃተንም ምሽጉን ከበበው። ፈረሱ፣ ውሻው፣ አይጡ፣ የጫማው ቆዳ ተበላ። ያኔ የነበሩት ጸሐፊዎች ሰው ሰውን እንደ በላ መዝግበዋል፤ ለዘመናት ግን ወሬያቸውን ያልተቀበለ ብዙ ነበር። የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ዊሊያም ኬልሶና ባልደረቦቹ ወንዙ ጠርጎ ወስዶታል የተባለውን ምሽግ ከ1994 ጀምሮ ቆፍረው አገኙት፤ በ2012 ደግሞ ከአንድ ጉድጓድ የ14 ዓመት ገደማ ልጃገረድ የራስ ቅል ወጣ። የስሚዝሶኒያን ተቋም ሳይንቲስቶች በአጥንቱ ላይ ያለው የቢላ ምልክት ሥጋ ለመብላት የተቆረጠ መሆኑን በ2013 ይፋ አደረጉ። በጸደይ ከቤርሙዳ የተረፉት በራሳቸው ጀልባ ሲደርሱ ምሽጉ ውስጥ 60 ሰው ገደማ ቀርቶ ነበር።

ቅኝ ግዛቲቱን ከመዘጋት ያዳናት ጭስ ነው። ያገሬው ትምባሆ ለአውሮፓውያን ጉሮሮ ይከብድ ስለነበር ሮልፍ ከካሪቢያን በኩል የተገኘውን ለስላሳውን ዘር በ1612 ግድም ዘራ። በ1617 ወደ እንግሊዝ የተላከው 20,000 ፓውንድ፣ ማለትም 90 ኩንታል ያህል ደረሰ። ትምባሆን አጥብቆ የሚጠላውና በ1604 ነቀፋውን በመጽሐፍ ያሳተመው ንጉሥ ጄምስ በስሙ የተጠራችው ከተማ ትምባሆ ሻጭ ስትሆን ቀረጡን መቀበል እንጂ ሌላ ምን ምርጫ ነበረው? በ1617 የመጣ አገረ ገዥ በጀምስታውን ገበያና መንገድ ላይ ሳይቀር ትምባሆ ተተክሎ አገኘ። ቅጠሉ ገንዘብም ሆነ፤ ግብር በእሱ ይከፈላል፣ የቄስ ደመወዝ በእሱ ይተመናል። ኩባንያው ለጎልማሶቹ ሚስት የሚሆኑ ሴቶችን ከእንግሊዝ ሲልክ ለመጓጓዣቸው የጠየቀው ምርጥ ትምባሆ 120 ፓውንድ፣ በኋላም 150 ፓውንድ ነበር።

ትምባሆ ጉልበት ይበላል። ዘሩ በክረምት መጨረሻ በመደብ ይፈላል፤ በሜይ ችግኙ አንድ በአንድ ወደ ማሳ ይዛወራል። ከዚያ አረም፣ ትል ለቀማ፣ ጫፉን መቁረጥ፣ ከጎኑ የሚያቆጠቁጠውን መንቀል፣ በበጋው መጨረሻ ማጨድ፣ በዳስ ሰቅሎ ማድረቅ፣ በትልልቅ በርሜል ጠቅጥቆ ወደ ወንዝ ማንከባለል ይቀጥላል። ዓመቱን ሙሉ እጅ ያስራል። መሬቱንም በሦስት በአራት ዓመት ያሟጥጠዋል፤ ስለዚህ አዲስ ማሳ መመንጠር ግድ ነው፣ አዲሱ ማሳ ደግሞ የሌላ ሰው አገር ነው። በማርች 1622 የፓውሃተን ወንድም ኦፔቻንካኖ በአንድ ጠዋት 347 ሰፋሪዎችን የገደለው ይህ ግፊት ትንፋሽ ሲያሳጣው ነው። ኩባንያው ከዚያ በኋላ አላገገመም፤ በ1624 ንጉሡ ፈቃዱን ነጥቆ ቅኝ ግዛቲቱን በዘውዱ ሥር አደረገ። እስከዚያ ከመጡት 6,000 ገደማ ሰዎች በ1625 ቆጠራ የተገኙት 1,200 ያህል ነበሩ።

ጉልበቱ ከየት ይምጣ? መልሱ ለረጅም ጊዜ የእንግሊዝ ድኻ ነበር። የሌላውን የመርከብ ዋጋ ከፍሎ ላመጣ ሰው 50 ኤከር ይሰጠዋል፣ በእኛ ልክ ግማሽ ጋሻ መሆኑ ነው። የመጣው ሰው በበኩሉ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት በውል ያገለግላል። ሃብታም ብዙ አገልጋይ ያስመጣል፣ ብዙ መሬት ይይዛል፣ ብዙ መሬት ያለው ደግሞ ሸንጎ ይገባል። አገልጋዩ በውሉ ዘመን ሊሸጥ፣ ሊወረስ፣ በቁማር ሊበላ ይችላል። ሪቻርድ ፍሬቶርን የሚባል ወጣት በ1623 ለወላጆቹ የጻፈው ደብዳቤ እስካሁን አለ፤ ከአተርና ከቀጭን ገንፎ በቀር የሚቀምሰው እንደሌለ ነግሯቸው እንዲቤዡት፣ ካልሆነም የሚበላ እንዲልኩለት ይለምናል። ቤቱ የመሬት ወለል ያለው አንድ ክፍል፣ በሽታው ወባና ተቅማጥ ነው፤ ብዙዎች ነፃ የሚወጡበትን ቀን አያዩም ነበር።

በ1619 የመጡት አፍሪካውያን የገቡት እዚህ ዓለም ውስጥ ነው። ተሽጠው የመጡ መሆናቸው አያጠያይቅም፤ ቢሆንም ባሪያ የሚባለውን የሚተረጉም ሕግ በቨርጂኒያ ገና አልነበረም። ክፍተቱ ለአንዳንዶች መውጫ ሆናቸው። በ1621 አንቶኒዮ በሚል ስም ተመዝግቦ የመጣ አንድ ሰው ከ1622ቱ ጥቃት ተረፈ፤ ሜሪ የምትባል አፍሪካዊት አገባ፣ ነፃ ወጣ፣ አንቶኒ ጆንሰን ተባለ። በ1651 በምሥራቃዊው ዳርቻ 250 ኤከር፣ ሁለት ጋሻ ተኩል ያህል መሬት፣ ተፈቀደለት። በፍርድ ቤት ከነጭ ጎረቤቶቹ ጋር ተሟግቶ ረትቷል፤ በ1655 በረታው ክርክር ጆን ካሶር የሚባለው ጥቁር ዕድሜ ልኩን የጆንሰን አገልጋይ ሆኖ እንዲቆይ ተፈርዷል። ጆንሰን ጻድቅ አልነበረም፤ የቨርጂኒያ ገበሬ ነበር።

በሩ ግን እየጠበበ ነበር። በ1640 ሦስት አገልጋዮች አብረው ጠፍተው አብረው ተያዙ። ሁለቱ አውሮፓውያን የአገልግሎት ዘመናቸው በአራት ዓመት ተራዘመ፤ ሦስተኛው፣ ጆን ፓንች የተባለው ጥቁር፣ ዕድሜ ልኩን እንዲያገለግል ተፈረደበት። በ1656 ደግሞ ኤልሳቤጥ ኪ የምትባል ሴት ፍርድ ቤት ቆማ ነፃነቷን አስከበረች። ክርክሯ ቀላልና ጠንካራ ነበር፦ አባቴ እንግሊዛዊ ነው፣ በእንግሊዝ ሕግ ልጅ የአባቱን ወገን ይከተላል፤ ክርስትና ተነሥቻለሁ፤ የውሌ ዘመንም አልቋል።

ሸንጎው መልስ የሰጠው ከዚህ በኋላ ነው፣ ያውም የክርክሯን ምሰሶ አንድ በአንድ እየነቀለ። በ1662 ልጅ የእናቱን ሁኔታ ይከተላል የሚል ሕግ ወጣ። ከእንግሊዝ ልማድ ጋር በግልጽ የሚጋጨው ይህ ሕግ ጌታው ከባሪያው የወለደውን ልጅ የጌታው ንብረት አደረገው፤ ስለዚህ ሕጉን ያጸደቁት ሰዎች የገዛ ልጆቻቸውን ዋጋ እያስተካከሉ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1667 ጥምቀት ባሪያን ነፃ አያወጣም ተባለ። ያን ጊዜ አንዳንድ ጌቶች ሰው ይጠፋብናል ብለው ባሪያቸውን ከማስጠመቅ ይሸሹ ስለነበር ሕጉ ለወንጌል መስፋት የታሰበ ተብሎ ነበር የቀረበው። በ1669 ባሪያውን ሲቀጣ የገደለ ጌታ በነፍሰ ገዳይነት እንዳይከሰስ ተደነገገ፤ ምክንያቱ ንብረቱን ሆን ብሎ የሚያጠፋ ሰው የለም የሚል ነው። በ1670 ምርጫ መሬት ወይም ቤት ባለው ብቻ ተወሰነ። አንቶኒ ጆንሰን ወደ ሜሪላንድ ተሻግሮ የሞተውም በዚሁ ዓመት ነው። ቨርጂኒያ ላይ የተሰየመ ዳኝነት ጥቁር ስለነበረ ባዕድ ነው ብሎ ትቶት የሄደውን መሬት ለዘውዱ እንዲመለስ ወሰነ። የልጅ ልጁ በ1677 ሜሪላንድ ውስጥ 44 ኤከር ገዝቶ አንጎላ ብሎ ሰየመው።

በ1676 የናትናኤል ቤከን አመፅ ተነሣ። ቤከን የነፃነት አርበኛ አልነበረም፤ ቁጣውን የጀመረው ሰላማዊ የነበሩ ነገዶችን ሳይቀር በመጨፍጨፍ ነው። ከአገረ ገዥው ዊሊያም በርክሊ ጋር ሲጣላ ግን ለተከተሉት አገልጋዮችና ባሮች ነፃነት ቃል ገባ፤ በሴፕቴምበር ጀምስታውንን አቃጠላት፤ ከወር በኋላ በተቅማጥ ሞተ። እጅ አንሰጥም ብለው እስከ መጨረሻ ከቆሙት ውስጥ 80 ያህል ጥቁሮችና 20 ያህል እንግሊዞች አብረው ተሰልፈው ነበር። ባለመሬቶቹን እንቅልፍ የነሣው ይህ መሰለፍ ነው።

የሚቀጥሉት ሕጎች ሁለቱን ወገኖች ለመለየት የተጻፉ ይመስላሉ። በ1691 ጥቁር ወይም የአገሬው ተወላጅ ያገባ ነጭ ከቅኝ ግዛቲቱ እንዲባረር ተደነገገ። የ1705ቱ ሰፊ ሕግ ነጭ አገልጋይ ያለ ዳኛ ትእዛዝ ራቁቱን እንዳይገረፍ፣ ውሉን የጨረሰ ወንድም በቆሎ፣ ገንዘብና ጠመንጃ እንዲሰጠው አዘዘ። በዚያው ሕግ ባሮች ያረቡት ከብትና ፈረስ እንዲወረስና ተሽጦ ለአጥቢያው ድኾች እንዲውል ተደረገ። ለነጩ ድኻ መሬት አልደረሰውም፤ የሚንቀው ሰው ግን ደረሰው።

የታሪክ ተመራማሪው ኤድመንድ ሞርጋን በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ የአሜሪካ ነፃነትና የአሜሪካ ባርነት አብረው መብቀላቸውን ያስረዳው ከዚህ ተነሥቶ ነው። የማይስማሙ ሊቃውንት አሉ። እነሱ የሚሉት ከ1660ዎቹ በኋላ ከእንግሊዝ የሚመጣ አገልጋይ ቀነሰ፣ በ1698 ደግሞ የአፍሪካ የባሪያ ንግድ ለሁሉም ነጋዴ ተከፈተ፤ ስለዚህ ለውጡን ያመጣው የሠራተኛ ገበያው ነው። ቁጥሩ ይደግፋቸዋል። በርክሊ በ1671 ባቀረበው ሪፖርት 6,000 የውል አገልጋዮች ሲኖሩ ባሮቹ 2,000 ብቻ ነበሩ፤ ሚዛኑ የተገለበጠው ከዚያ በኋላ ነው። ነገር ግን የ1662ቱና የ1667ቱ ሕጎች የወጡት ከግልበጣው በፊት ነው። ገበያው ሰው ይፈልግ ይሆናል፤ ያ ሰው በሰባት ዓመቱ ይፈታ ወይስ የልጅ ልጁ ይሸጥ የሚለውን የሚወስነው ግን ገበያ አይደለም። ድምፅ ተሰጥቶበታል።

ባርነትን ቨርጂኒያ አልፈለሰፈችውም። በብዙ አገር ነበር፤ ኢትዮጵያም በአዋጅ የሻረችው በ1942 መሆኑን ዘንግቶ በሌላው ላይ ጣት መቀሰር አያምርም። የቨርጂኒያው ሸንጎ የጨመረው ነገር ግን ልዩ ነው፦ በመልክ ተለይቶ፣ በማኅፀን ተላልፎ፣ ጥምቀትም የማይፈታው ሆነ። ዛሬ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት አሌክሳንድሪያ በ1749 የተመሠረተችው በትምባሆ ማከማቻ ዙሪያ ነው፤ በ1830ዎቹ ደግሞ በዚያችው ከተማ ዱክ ጎዳና ላይ ከአገሪቱ ታላላቅ የባሪያ ነጋዴዎች አንዱ ድርጅት ይሠራ ነበር። እዚያ የሚያድግ ጥቁር ልጅ ወላጆቹ በአውሮፕላን ቢመጡም ሕጎቹ የቀረጹት ዓይን ያየዋል።

ስለዚህ ልጁ ከጉብኝት ሲመለስ የሚጠየቀው ስለ መርከቦቹ ስም ባይሆን ይሻላል። የቨርጂኒያ ጠቅላላ ጉባኤ እስከ ዛሬ ራሱን ከ1619 የሚቆጥር፣ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ሳይቋረጥ የኖረ ጥንታዊው ሕግ አውጪ እያለ ይኮራል። ኩራቱን ከወሰደ የ1662ን፣ የ1667ንና የ1705ን ገጾች አብሮ ይወስዳል፤ ትምህርት ቤትም ሁለቱን በአንድ ምዕራፍ ቢያስተምር ልጆች አይጎዱም። የአንዱ ሕግ ዕድሜ ብቻውን ለአንድ የክፍል ውይይት ይበቃል። በ1691 የተጀመረው የነጭና የጥቁር ጋብቻ እገዳ መልኩን እየለዋወጠ እስከ 1967 ዘልቋል፤ በመጨረሻ የሻረውም የሎቪንግ ባልና ሚስትን ክስ የሰማው የዋሽንግተኑ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንጂ ያወጣው ሸንጎ አልነበረም።